እጅ የተነሳበት ስንኝ

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ዘመዶቼ እዚያው ናቸው፤ እኔም ገና አልወጣሁም። የመጽሐፉን ስም ግን ብደብቀው ነገሩ አይገባችሁም፤ ቬዳ ይባላል። ከሺዎች ዓመታት በፊት ሳንስክሪት በሚባል ጥንታዊ ቋንቋ የተነገረ የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ስለ እሳት ይዘምራል፣ ስለ ንጋት፣ ስለ ዝናብ፣ ከላይ ሆነው ሰውን ስለሚመለከቱ አማልክት። መጽሐፍ ስላችሁ ታዲያ መደርደሪያ ላይ እንዳትፈልጉት። በእኛ ከተማ ቬዳ የሚኖረው በሰው አፍ ውስጥ ነው። አያቶቻችን ወረቀትን አላመኑትም፤ እሳት ይበላዋል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ የተረፈውን ደግሞ ጸሐፊ ያበላሸዋል አሉ። አፍን አመኑ። ባለ አፉ ሰው መፍራት እስኪጀምር ድረስ ጥሩ ሐሳብ ነበር።

መጽሐፉ አሥር ክፍል አለው፤ አሥሩን ክፍል አሥር ቤተሰብ ይጠብቀዋል። አሥረኛው ክፍል የራጋቫን ነበር። ራጋቫን ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ከመናገሩ በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ ወንዙ ዳር ባለች ቤት ከሚስቱ ከኢንዱማቲ ጋር የሚኖር ሰው። ልጅ አልወለዱም። የኢንዱማቲ ታናሽ ወንድም ኬሻቭ ግን በልጅነቱ መጥቶ እነሱ ዘንድ አደገ፤ ራጋቫን አስተማረው፤ ሲጎለምስ አጣማጁ አደረገው። አጣማጅ ያስፈልጋል። ቬዳ ለብቻ አይባልም።

አባባሉ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ይቀመጣል፤ አንዱ ይላል፣ አንዱ ይሰማል። የሚለው ሰው ሁለት ቃል ወደ ፊት ይላል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እንደገና ወደ ፊት፤ ከዚያ ሦስተኛውን ቃል ጨምሮ እንደዚያው። ሴቶች ጠጉር እንደሚጎነጉኑት ስለሆነ ስሙም ጉንጉን ነው። ሰሚው ስህተት የሰማ እንደሆነ ቀኝ እጁን ያነሳል። አይናገርም፣ አይቆጣም። እጁን ብቻ ያነሳል፤ ስንኙ እስኪታረም ድረስም አያወርደውም። ልጆች ትምህርት ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚሠለጥነው እጃቸው ነው፤ ጭንቅላታቸው ኋላ ይደርሳል። አንድ ሰርግ ላይ መራቂው ሽማግሌ ከለመደው ምርቃት አንድ ሐረግ ዘለለና የኬሻቭ እጅ ብድግ አለ። ሙሽራይቱ ጋብቻውን የሚቃወም ሰው የተነሳ መስሏት አለቀሰች። ኬሻቭ በግራ እጁ ቀኙን ጎትቶ ሊያወርድ ታገለ፤ ሽማግሌው ምርቃቱን እስኪደግም ድረስ አልወረደለትም። አመል ያወጣል ከመሃል ይሏል ይሄ ነው።

የገዢያችን ማዕረግ አዋቂው ነው። የሚኖሩት ኮረብታው ላይ ነው፤ መስኮቶቻቸው ሁሉ ወደ ከተማው ይከፈታሉ። አዋቂው ሁሉን ስለሚያውቁ አለማወቅ ወንጀል መሆኑ በዐዋጅ ተነገረ። ምናልባት፣ እንጃ፣ ይመስለኛል የሚሉ ቃላት ተከለከሉ፤ የሚቆጣጠር የእርግጠኝነት ጽሕፈት ቤትም ተቋቋመ። የአየር ጠባይ ተናጋሪው ነገ ይዘንባል ይላል፤ ባይዘንብ ሰው በፀሐይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ይወጣል፣ ጠንቃቃ የሆነው ጫማውን ውሃ ያርከፈክፍበታል። እርጉዝ ሴት የምትወልደውን አስቀድማ ታስመዘግባለች። ጎረቤታችን ወንድ ብላ አስመዝግባ ሴት ወለደች፤ ልጅቷ ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ «አንተ» ስትባል አቤት ትላለች። ሐኪሞች ለበሽተኛ የሚሞትበትን ቀን ቆርጠው ይነግሩታል። በቀኑ ሳይሞት የቀረ በሽተኛ ቤተሰቡን ላለማስጠየቅ ከቤት አይወጣም።

ያጠፋ ሰው የሚወሰደው ወደ እረፍት ቤት ነው። ከዚያ የሚመለስ አለ፤ ድምፁን ይዞ የተመለሰ ግን የለም። የሠፈራችን ጀልባ ሠሪ ተመልሷል። ይሠራል፣ ልጆቹን ያቅፋል፤ ሲበላ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው። ምን እንዳደረጉት የጠየቀው የለም፤ ጥያቄም የአለማወቅ ምልክት ነው ተብሏልና።

እንግዲህ በቬዳ አሥረኛ ክፍል ውስጥ ዓለም እንዴት እንደተጀመረ የሚጠይቅ መዝሙር አለ። መልስ አይሰጥም፤ ይጠይቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ከላይ ሆኖ የሚያየው እሱ ያውቃል ይላል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። አንዲት ሐረግ ይጨምራል፤ ወይም ምናልባት እሱም አያውቅ ይሆናል ይላል። ይህ ለዘመናት ሲባል ኖሮ ማንንም አልጎዳም። አሁን ግን ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ኮረብታው ላይ ነበረን።

የእርግጠኝነት ሹሙ ራጋቫን ቤት የመጣው አንድ ጧት ነው፤ ብቻውን፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ። ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ኢንዱማቲ ውሃ አቀረበችለት፤ አመስግኖ ጠጣ።

«መጽሐፉ ሙሉውን ወንዝ ዳር የሚባልበት በዓል ደርሷል አይደል፣ አባት?»

«ስምንት ወር ቀረው፣ ጌታዬ። በየአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ዘንድሮ አዋቂው ራሳቸው ይገኛሉ።»

«ክብር ነው፣ ጌታዬ።»

«ያቺን የመጨረሻዋን ሐረግ አይሰሟትም።»

ራጋቫን ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። «ዝለላት ማለትዎ ነው?»

«የለም፣ አይዘልሏትም። ኖራ አታውቅም ነው የምልዎት። የሌለ ነገር እንዴት ይዘለላል?»

ኬሻቭ ጥግ ቆሞ ነበርና «ጋሼ፣ እንዴት አድርገን...» ብሎ ጀመረ። ሹሙ ዞር ብሎ ፈገግ አለለት። ኬሻቭ አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ራጋቫን ጀግና አልነበረም፤ ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ሹሙ ከወጣ በኋላ «አንዲት ሐረግ ናት» አላት ለኢንዱማቲ። «የቀረው መጽሐፍ አለ። አልላትም በቃ።» ተለማመደ። በጉንጉን የታሰረ ቃል መዝዞ ማውጣት የገዛ ጥርስን እንደ መንቀል ነው፤ ምላሱ «ያውቃል» ላይ ሲደርስ ራሱን ችሎ ወደ ቀጣዩ ቃል ይሮጣል። ከብዙ ቀን በኋላ ግን አፉን ገጥሞ ማቆም ቻለ። ያልቻለው ኬሻቭ ነው። ራጋቫን ባቆመ ቁጥር የኬሻቭ እጅ ይነሳል። ሰደበው፣ ለመነው፤ ይነሳል። በመጨረሻ ሹሙ ልምምዱን ሊያይ በሚመጣበት ቀን ኢንዱማቲ የወንድሟን ክንድ በመቀነቷ ከወገቡ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

ሹሙ ተቀመጠ። ራጋቫን መዝሙሩን አለ፤ «ያውቃል» ላይ ሲደርስ አፉን ገጠመ። መቀነቱ ጠንካራ ነበር፣ አልተፈታም። እጁ መውጫ ሲያጣ ሰውየው ራሱ ተነሳ። ቀኝ ትከሻውን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ፣ ዕንባው እየወረደ ቆመ።

«ጌታዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለ ኬሻቭ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለ ሹሙ፤ የእውነት ያዘነለት ይመስል ነበር። ይዞት ሄደ። ደጃፍ ላይ ጫማውን እያጠለቀ ለራጋቫን ነገሩን ቆርጦ ነገረው። በበዓሉ ቀን ሐረጓ ካልተሰማች ኬሻቭ እዚያው ወንዝ ዳር ይለቀቃል፣ ከነድምፁ። ከተሰማች ወደ እረፍት ቤት ይመለሳል። ሁለቱም እርግጥ ነው አለ።

ኢንዱማቲ አላለቀሰችም። መቀነቷ ከወንድሟ ጋር ስለሄደ ልብሷን በእጇ ይዛ ባሏ ፊት ቆመች። «ወንድሜን አምጣ አልልህም» አለችው። «ድምፁን አምጣልኝ። ያለ ድምፁማ ጀልባ ሠሪውን አይቼዋለሁ።»

ከዚያ እኛ መጣን። አርባ ነን፤ ጆሮዎች ይሉናል። እኔ ከዚያ በፊት ፖስታ ቤት ማኅተም እመታ ነበር። ሥራችን በበዓሉ ቀን ሕዝቡ መሃል ተበታትነን ቆመን፣ ሐረጓን የሚያወጣ ሰው ቢኖር፣ ዘማሪም ይሁን ሕፃን፣ አንገቱን መያዝ ነው። አለቃችን ቪናያክ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ነበር፤ በኬሻቭ ቦታ የራጋቫን አጣማጅ እንዲሆን የታዘዘውም እሱ ነው። ሹሙ አርባችንን በራጋቫን በረንዳ ላይ ደርድሮ «አስተምሯቸው» አለ።

«ጌታዬ፣ ሐረጓንም ላስተምራቸው?»

«ካላወቋትማ በምን ይለዩዋታል?»

«ኖራ አታውቅም ብለውኝ አልነበረም?»

«ለዚህ ነዋ በደንብ መማር ያለባቸው» አለ ሹሙ። «አንዲት ድምፅ እንዳይስቱ።»

ሰባት ወር ተማርን። ራጋቫን የሚያውቀው የማስተማር ዘዴ አንድ ብቻ ነው። ጥንድ ጥንድ አድርጎ ጉልበት ለጉልበት አስቀመጠን፤ ወደ ፊት አስባለን፣ ወደ ኋላ አስባለን፤ የአጣማጁን ስህተት ሰምቶ እጁን ያዘገየውን ክርኑ ላይ በቀጭን አርጩሜ ይነካዋል። ሆን ብሎ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ፊቱን አይቻለሁ፤ አይመስለኝም። ይመስለኛል አይባልም፣ ይቅርታ። እጅ የሌለው ቬዳ አያውቅም ነበር፤ እንጀራ ያለ እጅ እንደማይቆረስ ሁሉ እሱም ያለ እጅ ማስተማር አላወቀበትም። ልንሰልለው መጥተን ሦስተኛው ወር ላይ የኔታ ብለን መጥራት ጀምረናል። ሰው ወድጄ አላውቅም ነበር፤ እሱን ወደድኩት።

በዓሉ ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ራጋቫን ጉንፋን ይዞት ስንኝ እያለልን ሳለ አንድ ቃል አመለጠው። የቪናያክ እጅ ተነሳ። ቪናያክ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አድርጎ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ የኔም፣ የጎኔም፣ አርባው። ራጋቫን ቃሉን መልሶ ሲል ሁላችንም አወረድን። ያን ጊዜ ራጋቫን የሚመጣውን አየ። በበዓሉ ቀን ሐረጓን ይተዋታል፤ ሲተዋት አርባ የአዋቂው ጆሮ አዋቂው ፊት እጁን ያነሳል። ቢላት ኬሻቭ አለቀለት፤ ቢተዋት ሤራ ነው ይባላል፣ ኬሻቭ ያው አለቀለት።

በማግስቱ ሊያስጠነቅቅ ወደ ሹሙ ሄደ። ይህንንም ኋላ ነው የነገረኝ።

«ጌታዬ፣ ልጆቹ በዕለቱ እጃቸውን...»

«እጃቸውን ምን?»

ምናልባት ያነሱ ይሆናል እንዳይል ቃሉ ወንጀል ነው። በእርግጥ ያነሳሉ እንዳይል የአዋቂውን አርባ ጆሮዎች አበላሽቻለሁ ብሎ መፈረም ነው።

«ያነሳሉ ወይስ አያነሱም፣ አባት?»

«እጃቸው... ጤነኛ ነው፣ ጌታዬ።»

«ደስ ይላል» አለ ሹሙ።

ቤቱ ሲመለስ ለኢንዱማቲ ነገራት። «እንግዲህ ዝም በል» አለችው። «ዝም አይነቅዝም። አንተ የታዘዝከውን አድርግ፤ እጃቸውን እነሱ ይጠየቁበት።» ሁለቱም ግን እንቅልፍ አጡ፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰዎች ናቸው።

አሥረኛው ክፍል የሚባልበት ቀን ጧት ደመና ነበር። ወንዙ ደፍርሷል። ሕዝቡ እስከ ድልድዩ ድረስ ሞልቶ ቆሟል፤ አዋቂው ከፍ ባለ መድረክ ላይ ነጭ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጠዋል። ከመድረኩ በታች ኬሻቭን አስቀምጠውታል። ከስቷል። አፉ በጨርቅ ታስሯል፤ እጁን ግን አላሰሩትም፣ የአፉን ብቻ ነበር የፈሩት። ኢንዱማቲ ከፊት ቆማ ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም። እኔ ከሷ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ነበርኩ።

ራጋቫንና ቪናያክ ጉልበት ለጉልበት ገጠሙ።

«የኔታ» አለ ቪናያክ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፤ «እጄ ላይ ተቀምጫለሁ።»

«ጎሽ፣ ልጄ።»

መዝሙሩ ተጀመረ። ያን ቀን ራጋቫን እንዳለው ብሎት አያውቅም፤ የፈራ ሰው እንዲያ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጨለማ በጨለማ ተሸፍኖ ከነበረበት ከመጀመሪያው ተነስቶ፣ ጥያቄውን ጥያቄ ላይ እየጎነጎነ፣ ከላይ ሆኖ የሚያየው እሱ ያውቃል ላይ ደረሰ። አፉን ገጠመ።

የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ። ቪናያክ መጀመሪያ ወደ ግራ ዘመም አለ፤ ከዚያ እጁ ከሥሩ ወጥቶ ተነሳ። የኔ እጅ መነሳቷን ያወቅኩት ብብቴ ሲበርደኝ ነው። ዙሪያዬን ሳይ እዚህም አንድ እዚያም አንድ እጅ ቆሟል፤ አርባ። ቀጥሎ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው የቆዩ የከተማው አዛውንቶች ተራ በተራ አነሱ። የኬሻቭ እጅ ከሁሉም በፊት ተነስቶ ነበር።

«ጆሮዎች!» አለ ሹሙ፤ ለስላሳ ድምፁ ተሰንጥቋል። «እጁን ያነሳውን ሁሉ ያዙ!»

ትእዛዝ ነውና በግራ እጄ በቅርቤ የነበረውን አንዱን ጆሮ፣ ባልደረባዬን፣ አንገቱን ያዝኩ። እሱም በግራው የኔን ያዘ። እንደዚያ ሆነን ቆምን። ሹሙ ወደ ቪናያክ ሮጠ። «ምንድን ነው የጎደለው?» ቪናያክ ሐረጓን ቢናገር እረፍት ቤት ነው፤ አላውቅም ቢልም እረፍት ቤት ነው። ወደ ተነሳው እጁ ብቻ አንጋጦ ያያል። ፀሐይዋ ከደመናው ወጥታ እላያችን ላይ ቆመች። ክንዴ ዛለ፤ ማውረድ ግን አልቻልኩም። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሕዝቡ ሁሉ ወደ መጋረጃው ያያል።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ቃል ወጣ። «ተሰማች?»

ጥያቄ ነበር። አዋቂው ጠየቁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ያልሰማ ለመምሰል ጫማውን ተመለከተ። ሹሙ ፊቱ አመድ መሰለ። «አልተሰማችም፣ ክቡርነትዎ» ብሎ ጮኸ። «እርግጥ ነው፣ አልተሰማችም!»

እርግጥ ከሆነ ደግሞ የተባለው ሊፈጸም ነው። እርግጠኝነት ወደ ኋላ አይመለስም። ሹሙ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ ራሱ ወርዶ የኬሻቭን አፍ ፈታ። ኢንዱማቲ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ራጋቫን ከተቀመጠበት ሆኖ አጣማጁን አየው። ለኢንዱማቲ ድምፁን አምጥቶላታል፤ የቀረው ይዞት ወደ ቤት መሄድ ነው። ራሱን በቀስታ ግራና ቀኝ ወዘወዘለት፤ አይሆንም፣ አደራህን፣ አይሆንም። የኬሻቭ እጅ ግን እንደ ተነሳ ነው። ከንፈሩን በምላሱ አራሰ።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አለ፤ ከዚያ ሐረጓን አላት። አልጮኸም። ወደ ፊት አላት፣ ወደ ኋላ መለሳት፣ እንደገና ወደ ፊት።

እጃችን ሁሉ ባንድ ጊዜ ወረደ። የተሰማኝ እፎይታ ነበር፤ አፈርኩበት። ከመጋረጃው ጀርባ የሚታየው ጥላም ያን ጊዜ ክንዱን ሲያወርድ አየን የሚሉ አሉ። እኔ አላየሁም፤ ዓይኔ ኬሻቭ ላይ ነበር። የወሰዱት ሳይዘገዩ ነው።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው። እኛን ጆሮዎችን አርባ ሰው በአንዴ ማሳረፍ የሚችል ቤት ስላልነበረ ወደየሥራችን መለሱን፤ እኔም ማኅተሜን እመታለሁ። ራጋቫን አሁንም በየጧቱ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። በኬሻቭ ቦታ ጉልበቷን ገጥማ የምትቀመጠው ኢንዱማቲ ናት፤ ዕድሜ ልኳን ከጓዳ ስትሰማው ስለኖረች አንድ ቃል አይጎድልባትም። አንዳንድ ጧት እኔም ሄጄ እሰማቸዋለሁ።

ሲጨርሱ ኢንዱማቲ ወደ እኔ ትዞራለች። ጆሮ ስለነበርኩ የሰማሁት ይኖራል ብላ ነው። «እስቲ ንገረኝ» ትለኛለች፤ «ወንድሜ አለ?»

ከላይ ሐረጓን ጽፌያታለሁ፤ ወረቀት አይንቀጠቀጥም። በአፌ ግን ሌላ ነው። ወደ ኮረብታው መስኮቶች አያለሁ፤ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። «እትዬ፣ ከላይ ሆኖ የሚያየው እሱ ያውቃል» እላታለሁ። እዚያ ላይ አፌን እገጥማለሁ።

ኢንዱማቲ አትቆጣም፤ አትናገርም። ቀኝ እጇን ታነሳና ትጠብቀኛለች።